ጀርባዬን ለሐይቁ ሰጥቼ

ቅዳሜ ጠዋት ከጨዋታ በኋላ አሳ የምንበላባት ቤት ሐይቅ ዳር ናት። እዚያ የኛ የሚባል አንድ ረጅም ጠረጴዛና ሁለት አግዳሚ ወንበር አለ። አንደኛው አግዳሚ ላይ የተቀመጠ ሰው ፊት ለፊቱ ሐይቁ ነው። ሌላኛው ላይ የተቀመጠ ግን ጀርባውን ለሐይቁ ሰጥቶ ከወጥ ቤቱ ግድግዳ ጋር ይፋጠጣል። ማን እንዳወጣው ባይታወቅም በቡድናችን የማይሻር ደንብ አለ፤ የዕለቱን ግብ ያገባ፣ ያመቻቸ፣ ሌላው ቢቀር የግቡን ብረት የመታ ሰው ሐይቁን እያየ ይበላል። የቀረነው ግድግዳውን እያየን እንበላለን።

እኔ ተከላካይ ነኝ። ስለዚህ ያንን ግድግዳ ከቤቱ ባለቤት በላይ አውቀዋለሁ። ከታች አረንጓዴ፣ ከላይ ድሮ ነጭ የነበረ ቀለም ተቀብቷል። ዓመቱ ያለፈበት የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሎበታል፤ ማንም አያወርደውም። በመስኮቱ በኩል አሳ ጠባሹ ይታየኛል። በርበሬው ሲያስነጥሰው «ይማርህ» የምለው እኔ ነኝ። ሐይቁን የማውቀው ፊት ለፊቴ ከተቀመጡት ሰዎች ፊት ላይ ነው። በትከሻዬ አሻግረው የሐይቁን ትልልቅ ወፎች ያያሉ፣ «እየው፣ እየው፣ አባ ኮዳው የሰውየውን አሳ ይዞበት ሄደ» ይላሉ፣ ይስቃሉ። እኔ አንገቴን አዙሬ እስካይ ነገሩ አልቋል።

ቡድናችን የመሃል ከተማ ነጋዴዎች ቡድን ነው። ገበያ ሳይሞቅ ተጫውተን፣ አሳችንን በልተን፣ እያነከስን ወደየሱቃችን እንበተናለን። እኔ የቤት ዕቃ እሸጣለሁ፤ ድስት፣ ፔርሙስ፣ የፕላስቲክ ባልዲ። ሱቁን ያቋቋመችው እናቴ ናት፤ ዛሬም ደስ ሲላት ሱቁ የኔ ነው፣ ሲከፋት የሷ ነው። ከጎኔ ያለው የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ደግሞ የበረኛችን ነው። በሁለታችን መሃል አንድ ስስ ግድግዳ አለ፤ እሱ ሲያስል እኔ እሰማለሁ፣ እኔ ከደንበኛ ጋር ስከራከር እሱ ይሰማል። በአረፋም ሆነ በፋሲካ አንዳችን የሌላችንን ቤት ሳንረግጥ አንውልም። እናቴ እሱን እንደ ልጇ ነው የምታየው። እንዲያውም እኔን ስትቆጣ «እንደሱ ብትሆን ምናለ» የምትለው እሱን ነው።

በዚህ ቡድን ውስጥ ኮከብ ነኝ ብል ማጋነን አይሆንም። ማጋነን የሚሆነው ቡድን ነው ማለቱ ነው። አጨዋወቴ ቀላል ነው፤ ኳስ ትመጣለች፣ አወጣታለሁ። ለማን እንደምትደርስ አላስብም፤ ብቻ እዚህ አካባቢ እንዳላያት። ከጨዋታው ጊዜ ብዙው የሚያልፈው እኔ ያወጣኋትን ኳስ ከአጥሩ ማዶ ቄጤማ ውስጥ ስንፈልግ ነው። በረኛችን ከኋላዬ ቆሞ የሚጠራኝ በሁለት ቃል ብቻ ነው። «የኔ» ካለ እለቅለታለሁ። «ያንተ» ካለ አወጣታለሁ። ዘወር ብዬ አላየውም፣ ለምን ብዬም አልጠይቀውም። ከባለቤቴ ጋር እንኳ በዚህ አኳኋን ተግባብተን አናውቅም።

እንግዲህ እንዲህ ተከብሬ መኖር ስችል ቪዲዮ የሚባል ነገር መጣ። ጉልበቱን የታመመ አንድ አማካያችን መጫወት ሲያቅተው ከመስመሩ ውጭ ቆሞ በስልኩ መቅረጽ ጀመረ። የቀረጸውን ቴሌግራም ላይ ለሁላችንም ይልክልናል። የሚልከው ግብ ብቻ ነው። እናቴ እኔ ስጫወት ሱቅ የምትጠብቀው እሷ ስለሆነች ሜዳ መጥታ አታውቅም። ቪዲዮው መምጣት ሲጀምር ግን ፔርሙሶቹ አጠገብ ዱካዋ ላይ ቁጭ ብላ፣ መነጽሯን አድርጋ ማየት ጀመረች።

«አንተ የቱ ነህ?» አለችኝ አንድ ቀን።

አብሬያት አየሁ። ግቡ ገባ፤ አጥቂያችን ማሊያውን ጭንቅላቱ ላይ ጠቅልሎ ሮጠ፤ ተቃቀፉ። እኔ የለሁም። ደግመን አየነው። በመጨረሻ ከምስሉ ጥግ ላይ አንድ እግር አገኘሁ።

«ይቺ እግር የኔ ናት» አልኳት።

ጠጋ ብላ አየችና «አዎ፣ ጫማውን አወቅኩት» አለች። ከዚያ መነጽሯን አውልቃ፣ «ሌሎቹ ሲሮጡ አንተ ለምን ቆምክ? አመመህ እንዴ?» አለችኝ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ባጣሁ ቁጥር የቆዩትን ቪዲዮዎች ሁሉ አየሁ። በአንዱ ክርን ነኝ። በሌላው ጀርባ ነኝ። አንዱ ላይ በጣም ርቄ ስለቆምኩ ሜዳ ውስጥ የገባች ላም መስያለሁ። ላሟ እንኳ ሌላ ቪዲዮ ላይ ፊቷ በደንብ ታይቷል።

ከፋኝ። የሚስቅ ይሳቅ እንጂ እውነቱን ልናገር፤ እናቴ አንድ ቀን እንኳ ስጫወት ፊቴን እንድታይ ፈለግሁ። ዕድሜዋ እየገፋ ነው። ልጇ ኳስ ይችላል ሲባል ከሰው አፍ ሰምታለች፤ በዓይኗ ያየችው ግን ጫማውን ብቻ ነው። ሐይቁንም ማየት ፈልጌ ነበር፤ እሱንም አልደብቅም። ለሁለቱም መድኃኒቱ አንድ ነው ብዬ ወሰንኩ፤ አጥቂ መሆን።

አሰልጣኛችን ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህር ናቸው። ግማሻችንን ትምህርት ቤት አስተምረውናል፤ ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኙን ሸሚዛችንን እንድናስገባ በዓይናቸው ያዝዙናል። ከሜዳው ዳር ዋርካው ሥር ብቻቸውን ሆነው ሳገኛቸው ጠጋ አልኩ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት ነበር።»

«ጉልበትህን ነው?»

«አይደለም። ወደ ፊት መውጣት ፈልጌ ነው። አጥቂ ሆኜ ልሞክር።»

ከእግሬ ጀምረው ወደ ላይ አዩኝ። ሆዴ ላይ ሲደርሱ ትንሽ ቆዩ።

«ኳስ ስትመጣብህ ምን ታደርጋለህ?»

«አወጣታለሁ።»

«ወዴት?»

«ወደ ውጭ።»

«በቃ ልጄ፣ ራስህ መለስከው» አሉና ፊሽካቸውን በመሐረብ መጥረግ ጀመሩ።

አኮረፍኩ። እኔ ካኮረፍኩ ደግሞ ለራሴም አልመለስም። የዚያኑ ዕለት የውጭ አገር ኮከቦች ክለብ ሲለቁ የሚጽፉትን ዓይነት መልእክት ጽፌ ቴሌግራም ላይ ለቀቅሁ። ለብዙ ዓመት ቤቴ የነበረውን ቡድን በከባድ ልብ እንደምሰናበት፣ ለዚህ ማሊያ ላቤንና ደሜን እንዳፈሰስኩ፣ አዲስ ፈተና እንደሚጠብቀኝ አስረዳሁ። ደሙ እንኳ አንድ ጊዜ የራሳችን አጥቂ በስህተት አፍንጫዬን መትቶኝ የፈሰሰ ነው። መልስ ጠበቅሁ። አንዱ የአውራ ጣት ምስል ላከልኝ። ሌላው «ማሊያውን መቼ ትመልሳለህ? ለሌላ ሰው ይፈለጋል» ብሎ ጻፈ። በረኛችን ምንም አልጻፈም። ከግድግዳው ማዶ ሲያስል ግን ሰማሁት፤ መልእክቱን አንብቦ ያሳለ መሰለኝ።

ቆይተው ሽማግሌ ላኩብኝ። ባልና ሚስት የተጣሉ ይመስል ሦስት ሆነው ሱቄ መጡ፤ አሰልጣኛችን፣ ቪዲዮ ቀራጩና በረኛው። እናቴ ደንግጣ ለሽያጭ የተደረደሩትን የፕላስቲክ ወንበሮች እያወረደች አስቀመጠቻቸው። አሰልጣኛችን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«በድለንህ ከሆነ ልንክስህ፣ በድለኸንም ከሆነ ይቅር ልንልህ ነው የመጣነው። ምን ከፋህ?»

ምን ልበል? ሱቅ የሚያስተዳድር፣ ልጆች የወለደ ሰው «ሐይቁን እያየሁ አሳ መብላት አምሮኝ ነው፤ እናቴም ቪዲዮ ላይ እንድታየኝ» ብሎ ለሽማግሌ እንዴት ይናገራል? ያውም እናቱ ባለችበት?

«የእግር ኳስ ፍልስፍናችን አልተጣጣመም» አልኩ።

ቪዲዮ ቀራጩ ፊቱን ወደ ባልዲዎቹ አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እናቴ ከፔርሙሶቹ ኋላ ሆና በረኛውን «ምንድነው ያለው?» ብላ ጠየቀችው።

«ትንሽ ደክሞኛል ነው የሚለው፣ እማማ» አላት።

ሲወጡ እሱ ወደ ኋላ ቀረት አለ። «ፊት ላይ ስትሆን ከኋላህ ማን ሊጠራህ ነው?» አለኝ።

«ማንም» አልኩት።

«ጥሩ» አለና ወደ ሱቁ ገባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በመሃላችን ያለው ግድግዳ ወፈረ። ቀድሞ ዝርዝር ብር ሲያጥረኝ ወደሱ ነበር የምሄደው፤ ከዚያ በኋላ አስፋልት ተሻግሬ ከፋርማሲው ማምጣት ጀመርኩ። ፋርማሲስቷ አንድ ቀን «ጎረቤትህ ዘጋ እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ዝርዝሬን ቆጥሬ ወጣሁ።

የተቀበለኝ የሐይቅ ዳር ሆቴል ሠራተኞች ቡድን ነው። አጥቂያቸው ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቶ ሄዶባቸው ነበር። አምበላቸው ወጣት አስተናጋጅ ነው። ቁጥር ዘጠኝ ማሊያ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ሰጠኝ። «ጋሼ፣ እርስዎ ፊት ላይ ይቁሙልን። ኳሷን እኛ እናመጣልዎታለን» አለኝ። ምግብ ያዘዝኩ ነው የመሰለኝ። በአንቱታ የሚጠራ አጥቂ እንደማያገባ ያኔ ማወቅ ነበረብኝ። ልጆቹ «እንኩ፣ ጋሼ» ብለው አቀብለውኝ እኔ ቀና እስክል ድረስ ተከላካዩ ኳሷን ይዟት ሄዷል።

ችግሩ ሆዴ ብቻ አልነበረም። ጭንቅላቴ ከኋላ መስመር አልወጣ አለ። በመጀመሪያው ጨዋታ የክንፍ አጥቂያችን ብቻውን አምልጦ ወደ ግብ ሲሮጥ አየሁና እጄን ወደ ላይ አንሥቼ «ኦፍሳይድ!» ብዬ ጮህኩ። ዳኛው ለብዙ ዓመት ስለሚያውቀኝ አመነኝ፤ ፊሽካውን ነፋ። ልጆቹ ክፉ ቃል አልወጣቸውም። አንዱ ብቻ ቀስ ብሎ መጣና «ጋሼ፣ እሱ እኮ የኛ ነው» አለኝ።

ሌላም ያልጠረጠርኩት ነገር ነበር። እነዚህ ልጆች ከጨዋታ በኋላ አሳ አይበሉም። ለእንግዳ አሳ ለማቅረብ ይሮጣሉ። ታኬታቸውን ሜዳው ላይ አውልቀው፣ ጥቁር ጫማቸውን አጥልቀው፣ እየተጣደፉ ወደ ሥራ ይገባሉ። ቪዲዮ የሚቀርጽላቸውም ሰው የለም። ስለዚህ አጥቂ ሆኜ ያገኘሁት ነገር ቢኖር ብቻዬን በባጃጅ ወደ ሱቅ መመለስ ነው። ሐይቁም ቀረ፣ ግድግዳውም ቀረ። እናቴ «ዛሬስ ምን ሆናችሁ?» ስትለኝ «ደህና» እላታለሁ። የሚታይ ነገር ስለሌለ ስልኩን አትጠይቀኝም።

ከድሮ ቡድኔ ጋር የምንጋጠምበት ቅዳሜ ሲደርስ ግን ነፍሴ መለስ አለች። ቪዲዮ ቀራጩ እንደሚኖር አውቃለሁ። ዋዜማውን ፀጉሬን ተስተካከልኩ። ፂሜንም ተላጨሁ። ጠዋት ስወጣ እናቴን «ዛሬ ቪዲዮውን ጠብቂ፤ ታይኛለሽ» አልኳት።

«እግርህን ነው?» አለች።

«ፊቴን።»

ሜዳ ስደርስ መጀመሪያ ያየሁት ቀራጩ የቆመበትን ቦታ ነው፤ ሳገባ ወደየት እንደምሮጥ አስቤ ጨረስኩ። በረኛው ከሩቅ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰላም አለኝ። እኔም እጄን ደረቴ ላይ አደረግሁ። አሰልጣኙ ዋርካው ሥር ተቀምጠው «ፀጉርህ አምሮብሃል» አሉኝ።

ጨዋታው ያለ ግብ ቆየ። ወደ መጨረሻው ላይ የማዕዘን ምት አገኘን። ግርግሩ ውስጥ ገብቼ ተገፍቼ፣ ተገፍቼ፣ ራሴን የግቡ መስመር ላይ ቆሜ አገኘሁት። ኳሷን ለመያዝ የወጣው በረኛ ከሰው ጋር ተጋጭቶ ፊት ለፊቴ ወደቀ። ኳሷ ለአምበላችን ደረሰችው፤ መታት። አመታቱ ደካማ ነበር፤ ግን በወደቀው በረኛ አጠገብ አልፋ ወደ ግቡ ትንከባለል ጀመር። መንገዷ ላይ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ዝም ብዬ ዞር ብልላት ትገባለች። በቦታዬ ከምሸጣቸው ባልዲዎች አንዱ ተቀምጦ ቢሆን ኳሷ ነክታው ልትገባ ትችል ነበር።

ከእግሬ ሥር፣ ከመሬት፣ «ያንተ!» የሚል ድምፅ መጣ።

አወጣኋት። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ኳስ አውጥቼ አላውቅም። በሜዳው ላይ፣ በአጥሩ ላይ፣ በቄጤማው ላይ አልፋ ሄደች፤ የሚያርፍ ወፍ ሁሉ ተነሣ። ከዚያም ሁልጊዜ እንደማደርገው ጎንበስ ብዬ በረኛውን በእጁ ስቤ አነሣሁትና ጀርባውን መታ መታ አደረግሁት። «ጎበዝ» አለኝ፤ እሱም ሁልጊዜ እንደሚለው። ከዚያ የለበስኩትን ማሊያ አየ። እኔም አየሁት። ለሁለታችንም ነገሩ የገባን እኩል ነው።

ከዚያ ዋርካው ሥር አንድ ሰው መሳቅ ጀመረ። አሰልጣኛችን ነበሩ፤ ሲስቁ አይቼ አላውቅም ነበር። አምበላችን ወደኔ መጣ። «ምንም አይደል፣ ጋሼ። ያጋጥማል» አለኝ፤ እንግዳ ሾርባ ሲደፋ የሚያጽናናበት ድምፅ ነው። ጨዋታው ያለ ግብ አለቀ። ማንንም ሳልሰናበት ባጃጅ ውስጥ ገባሁ።

ቪዲዮ ቀራጩ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ግብ ያልሆነ ነገር ለቀቀ። ቪዲዮው ከኔ በፊት መሃል ከተማ ደርሶ ነበር። የባጃጁ ሹፌር በመስታወቱ ውስጥ ሁለቴ አየኝና ከንፈሩን ነከሰ። ምስሉ በጣም ጥርት ያለ ነው፤ ፊቴ፣ የተስተካከለው ፀጉሬ፣ የተላጨው ጉንጬ፣ ኳሷን ሳያት ያሳየሁት ቆራጥነት፣ ሁሉም ይታያል።

ሱቅ ስገባ እናቴ ትቼላት የሄድኩትን ስልኬን ይዛ ቁጭ ብላለች። መሬት ውስጥ መግባት አማረኝ።

«ዛሬ ገና አየሁህ» አለችኝ።

«እማዬ፣ እሱ እኮ...»

«ቆይ፣ ቆይ፣ አሁን ነው።» ስልኩን ወደኔ አዞረችው። ኳሷ ስትንከባለል ትንፋሿን ያዘች፤ ስንተኛ ጊዜዋ እንደሆነ እንጃ። ሳወጣት ተነፈሰች። ቀጥሎ ጎንበስ ብዬ በረኛውን ሳነሣው ሲታይ በጣቷ ምስሉን ነካችው። «ወንድምህ ወድቆ ሳለ ደረስክለት። ሌላ ማንም አልነበረም እኮ። እኔ እኮ እዚያ ሄደህ ዝም ብለህ ቆመህ የምትውል ነበር የሚመስለኝ።»

የማን ማሊያ እንደለበስኩ፣ ግቡ የማን እንደሆነ ላስረዳት አፌን ከፈትኩ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ዘጋሁት። ከግድግዳው ማዶ ማንም አላሳለም፤ ግን እየሰማ እንደነበረ አውቃለሁ።

ቁጥር ዘጠኙን ማሊያ አሳጥቤ ለአምበሉ መለስኩለት። በሁለት እጁ ተቀበለኝና «ሁልጊዜም ይምጡልን፣ ጋሼ» አለኝ፤ ሻንጣዬን ተሸክሞ ሊሸኘኝ ምንም አልቀረውም። የሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ሜዳ ለመሄድ ፊት አጣሁ። ግን ሰዓቱን ጠብቄ ባዶ ምሳ ዕቃ አንጠልጥዬ ወደ አሳ ቤቱ ሄድኩ፤ ለቤት አሳ የምገዛ ሰው መስዬ።

ሁሉም አሉ። ያን ቀን ያገባም፣ ያመቻቸም፣ ብረት የመታም አልነበረም። ስለዚህ በደንቡ መሠረት ሁሉም ግድግዳ በሚያየው አግዳሚ ላይ ተጠጋግተው ተደርድረዋል፤ ሐይቁን የሚያየው አግዳሚ ባዶውን ነው። እዚህ ከተማ ካሉት የጎለመሱ ነጋዴዎች ሌላ ማን እንዲህ ያደርጋል? አሰልጣኛችን ምሳ ዕቃዬን አዩና ባዶውን አግዳሚ በእጃቸው አሳዩኝ።

«ይኸው ሐይቅህ» አሉ። «ተቀመጥ።»

ለካ ከመጀመሪያውም ያውቁ ነበር።

ተቀመጥኩ። ሐይቁን አየሁ። አልዋሽም፣ ያምራል። ጀልባ አለ፣ አባ ኮዳ አለ፣ ውኃው ያብረቀርቃል። ትንሽ ቆይቼ ከጠረጴዛው ማዶ ያሉትን አየሁ። ከሚያቃጥለው የበርበሬ ዳጣ እያጠቀሱ ይበላሉ፤ አንዳቸውም ቀና አይሉም። በረኛው ጫፍ ላይ ነው። ቦታ ጠቦት ግማሽ ጎኑ ከአግዳሚው ውጭ ተንጠልጥሏል። ከጎኑ ግን ሁልጊዜ እኔ የምቀመጥበት ቦታ ክፍት ነው፤ ሰው እንዳይይዘው ሳህኑን አስቀምጦበታል።

ተነሥቼ ዞርኩ። ሳህኑን አነሣልኝ። ተቀመጥኩ። ግድግዳው እንዳለ ነው፣ ያለፈበት የቀን መቁጠሪያም እንዳለ ነው። መስኮቱ ውስጥ አሳ ጠባሹ አስነጠሰ። «ይማርህ» አልኩት። «ያኑርህ፤ ጠፋህ እኮ» አለኝ።

ጥቂት ከበላን በኋላ ድምፄን ዝቅ አድርጌ በረኛውን ጠየቅሁት።

«ያን ቀን ‹ያንተ› ያልከኝ አውቀህ ነው?»

አጥንት ከአፉ አወጣና የሳህኑ ዳር ላይ አስቀመጠ።

«ወድቄ ሳለ ሌላ ማንን ልጥራ?» አለኝ።

ዳጣውን ወደኔ አስጠጋው። ከኋላችን ሐይቁ ላይ አንድ ነገር ተንቦጫረቀ። ማናችንም ዞረን አላየንም።